ሦስት «ሀ» ለምን አስፈለገ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ።

አገር ቤት የኮሌጅ መምህር ነበርኩ። ሚላን ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። በሳምንቱ ቀናት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እሸከማለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሬን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ ያውም በነጻ። ሲጀመር 14 ነበሩ፤ አሁን አምስት ቀርተዋል። ወላጆች «መናገሩ ይበቃቸዋል፣ ፊደል ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉኛል። በቀደም አንዲት ልጅ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» አለችኝ። ተንተባተብኩ። በሳምንቱ ቀረች። ልተወው ይሆን?

መምህሩ፣ ከሚላን

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እዚያው ሚላን በ15ኛው መቶ ዓመት አንድ ስደተኛ መምህር ነበር፤ ኮንስታንቲን ላስካሪስ ይባላል። የቁስጥንጥንያ ግሪክ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1453 በቱርኮች እጅ ስትወድቅ ተማረከ። ኋላ ተንከራቶ ሚላን ገባና የመስፍኑን የፍራንቼስኮ ስፎርዛን ልጅ ኢፖሊታን ግሪክኛ አስተማረ። በዘመኑ የግሪኮች አነባበብ ኤታ፣ ዮታና ኢፕሲሎን የሚባሉት ሦስት የግሪክ ፊደላት ሁሉም «ኢ» ናቸው። ሁለት ፊደል ተጣምሮ «ኢ» የሚሆንም አለ። የእኛ ሦስት «ሀ» ምን አላት!

ምክንያቱም ያው ነው። ድምፆቹ ድሮ የተለያዩ ነበሩ፤ አፍ ረሳቸው፣ ጽሕፈት ያዛቸው። ለልጅቷ እንዲህ ይንገሯት። ሚላን ትግርኛ ተናጋሪ አይጠፋም፤ አንዱን ክፍል ይጋብዙና ሀ እና ሐን ለይቶ ያሰማቸው። በጆሯቸው ይስሙት።

ላስካሪስ የግሪክኛን ሰዋስው በጥያቄና መልስ አዘጋጅቶ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1476 እዚያው ሚላን ታተመ፤ ሙሉ በሙሉ በግሪክኛ ከታተሙ መጻሕፍት ቀን የተጻፈበት የመጀመሪያው ነው። ሰውየው ግን ያኔ ሚላን አልነበረም። ሲሲሊ፣ መሲና ወርዶ እስኪሞት እዚያው አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1492 ኋላ ስመ ጥር ጸሐፊ የሆነው ፒየትሮ ቤምቦ ከቬኒስ ተነስቶ ከእሱ ለመማር መሲና ድረስ ሄዷል። ላስካሪስን ክፍያውም ቢሆን ያስመርረው ነበር። ማማረር ነውር አይደለም።

ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ያስከፍሉ። ነጻ የሆነ ነገር በዝናብ ቀን ይቀራል፤ እኔም እቀራለሁ። በሰሌዳ የሚጽፉትንም ጣልያንኛ ለሚያነብ ልጅ በሚሆን መልኩ ደብተር ላይ ያስፍሩት። ከሦስቱ «ሀ» ይጀምሩ።

ከዚያ በፊት ግን ለልጅቷ እናት ይደውሉ። «መልሱን አግኝቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ትምጣ» ይበሏት።