ቤት መዋል ለወደዳችሁ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣

ቤት ለምን ትውላላችሁ ብዬ ልቆጣችሁ አይደለም። በድሬ የቀትር ሙቀት ማን ውጡ ይላል? ማኪያቶውም የሚቀመስ አልሆነም። መውጣት ሲባል የሚታያችሁ በርጫ ብቻ ከሆነማ፣ ቤታችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቅርብ ጓደኛ በስልክም አይጠፋም። በቴሌግራም ትቀልዳላችሁ፣ ሲከፋችሁ ትደዋወላላችሁ። የሚጠፋው ያ ስሙን እንኳ በቅጡ የማታውቁት፣ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ስታልፉ "እንዴት ዋልክ" የምትሉት ሰው ነው። ለእሱ ማንም አይደውልም። ካልወጣችሁ አታገኙትም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሠራተኛ ስቀጥር ነው። የክፍት ቦታ ወሬ በእንዲህ ያለ ሰው በኩል ሲደርስ ደጋግሜ አይቻለሁ። (የዘመድ ቅጥር ማለቴ አይደለም፤ ከእሱ ጋርማ ስጣላ ነው የኖርኩት።) ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ፣ ወሬውን የነገራቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለሌሎቹ የነገራቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው። ነገሩ አይገርምም። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የሩቁ ሰው ግን ሌላ ቦታ ይውላል፣ ሌላ ወሬ ይሰማል።

ድሬ ራሷ የእንግዶች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ እዚሁ ተገናኝቶ ተገበያየ። የድሬ ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ለመጀመር የማይቸገረው ከዚያ የወረሰው ይመስለኛል።

ታዲያ ትልቅ ፕሮግራም አትያዙ። አመሻሽ ላይ ነፈስ ሲል ወንበር አውጥታችሁ ደጃፍ ተቀመጡ። ዕቃ በሰው ከምታስመጡ ራሳችሁ ታይዋን ገበያ ድረስ ሂዱ። ወላጆቻችሁ አፎቻ ወይም ዕድር ካላቸው፣ አንዳንዴ በእነሱ ፈንታ ለቅሶ ድረሱ። ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ያየነውን ወጣት እኛ ሽማግሌዎች አንረሳም። ሥራ ስንሰማም ቶሎ ትዝ የሚለን እሱ ነው።

መንገድ ላይ ግን ያንን ጆሯችሁ ላይ የሰካችሁትን ንቀሉት። እሱን ሰክቶ የሚያልፍ ልጅ ሰላም ለማለት እኛም እናፍራለን።