ስለ አጥንት መሳሳት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሲስተር፦ በአጥንት ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል፣ ደጃቸው ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ ብዙ እናቶችን አስታምሜአለሁ። ስለዚህ የምትጠይቁኝን በማውቀው መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳስብ፤ ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰው ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ስብራቱ በጀሶ ስለታሰረ ብቻ ጉዳዩ አላለቀም። ለምን እንደተሰበረ መመርመር አለበት።

ከአዘዞ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ጭቃ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮላት ድኗል። አሁን ግን ጀርባዋ እየጎበጠ፣ ቁመቷም እያጠረ መጥቷል። እርጅና ነው ብለን እንተወው?

ሲስተር፦ ፈጽሞ አትተዉት። አጥንት ዕድሜ ልክ እየፈረሰ የሚታደስ ሕያው አካል ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚገነባው ይበልጣል፤ ሴት ካረጠች በኋላ ግን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የሚፈርሰው ከሚተካው ይበልጥና አጥንቱ ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበረው የእጅ አንጓ ነው። የአከርካሪ አጥንት ደግሞ ያለ ምንም መውደቅ፣ እንስራ በማንሳት ብቻ ሊጨፈለቅ ይችላል፤ የእናትዎ መጉበጥና ማጠር ይህንኑ ያስጠረጥራል። ስለዚህ የጀርባ ራጅ ትነሣ፤ የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ ባለበት ቦታም ትለካ። ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ውጤት (ቲ-ስኮር) ከ−2.5 እኩል ወይም በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል። ወጌሻን ንቄ አይደለም፤ ነገር ግን ወጌሻ ቢያስር እንኳ ለስብራቱ ምክንያት የሆነውን መሳሳት አያክምም፣ አንድ ጊዜ የተሰበረም ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የዳሌ ስብራት ከሆነ ደግሞ ሳይታሽ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ዳግም እንዳትወድቅም በቤት ውስጥ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው፤ የሚያዳልጥ ነጠላ ጫማና የተጣጠፈ ምንጣፍ ይወገድ፤ የዓይን ሞራ ካለባትም ትታከም።

ከፒያሳ፦ አጥንቴን ያመኛል። ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ የትኛውን አጥንት? ከመቼ ጀምሮ? ዕድሜዎስ ስንት ነው? ይህን ሳይገልጹ መድኃኒት አልጠራልዎትም። የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ በአብዛኛው አያምም፤ ጉልበትና ጣት ሲያም ብዙ ጊዜ ችግሩ የመገጣጠሚያ ነው። ሐኪም ይይዎት።

ከቀሃ፦ በጾም ወተት ስለማንጠጣ አጥንታችን ይሳሳል የሚባለው እውነት ነውን?

ከማራኪ፦ እውነት ነው። አረጋውያን ሊጾሙ አይገባም።

ከቀሃ፦ አያቶቻችን እየጾሙ አይደለምን ያን ሁሉ ዳገት ሲወጡ የኖሩት?

ከማራኪ፦ ጎብጠው በምርኩዝ ይሄዱ የነበሩትስ የማን አያቶች ናቸው? ደግሞም ቡናው ነው የሚጎዳን።

ሲስተር፦ እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ስለ ጾሙ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። በልክ የሚጠጣ ቡና ዋና ምክንያት አይደለም። አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ደግሞ 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ ማለትም አጥንት የሚገነባበትን ማዕድን፣ እንድታገኝ ይመከራል። ሩብ ሊትር ወተት 300 ያህል ይሰጣል። በጾም ደግሞ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመንና ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ አሉ። ልጡ ያልተነሣለት ሰሊጥ ከተፈተገው እጅግ የበለጠ ካልሲየም ስላለው ለሰሊጥ ፍትፍት እርሱን ምረጡ። የሚያሳስበኝ ጾሙ ሳይሆን፣ በፍስኩም በጾሙም እንጀራ በሽሮ ብቻ በልተው የሚውሉ እናቶች ናቸው።

ከሳሙና በር፦ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ እየኖርን ቫይታሚን ዲ ሊጎድለን ይችላል?

ሲስተር፦ ይችላል። ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳውን ቫይታሚን ዲ ቆዳችን የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ከፍታ ቦታ ፀሐይ ቢበረታም ቆዳን ካልነካ አይጠቅምም፤ በጋቢ ተጠቅልሎ ወይም ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ መሞቅ አይቆጠርም።

ከአራዳ፦ ባለቤቴ ለአስሟ ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ከዓመት በላይ ወስዳለች።

ሲስተር፦ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ይህ ኪኒን ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፤ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ትቅረብ፤ አስሙም በሚነፋ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ከፒያሳ፦ ታዲያ ካልሲየም ልግዛ?

ሲስተር፦ የጠየቅሁዎትን ሦስት ነገሮች አሁንም አልነገሩኝም።

ከአዘዞ፦ ለአክስቴ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የተባለ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ታዝዞላት ቃር አስቸግሯታል። ታቁመው?

ሲስተር፦ መጀመሪያ አወሳሰዷን ያጣሩ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ትዋጠው፤ በወተት ወይም በቡና አይሆንም። ከዚያም ሳትበላና ሳትተኛ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብላ ትቀመጥ ወይም ትቁም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ እስከ ሰዓት የማትጾምበትን ቀን ትምረጥለት። በትክክል እየወሰደችም ቃሩ ካልተዋት፣ ወይም ስትውጥ የሚያማት ወይም ደረቷን ክፉኛ የሚያቃጥላት ከሆነ ግን ቀጣዩን ኪኒን ሳትወስድ ወዳዘዘላት ሐኪም ትመለስ፤ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል።