ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ሚስ የሚያደርግ ቪትዝ

ሰላም ወንድሜ። ቪትዝህ ደህና እየሠራ ቆይቶ፣ አራቱ ካንዴላ ሲቀየር ሚስ ማድረግና (አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን ሳያቃጥል መዝለል) መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ኢንጀክተርና የነዳጅ ፓምፕ ለማስወረድ አትቸኩል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በሥራው ጊዜ የተነካውን እይ።

ሞተሩን አጥፍተህ የኮይሎቹን (ለካንዴላው የእሳት ኃይል የሚሰጡትን) ሶኬት አንድ በአንድ ጫን በል። ቀጭ ብሎ ካልገባ ያ ሲሊንደር እሳት አያገኝም። የሶኬቱ መቆለፊያ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚደርቅ ሲነቀል በቀላሉ ይሰበራል።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ በማሽን አስነብብ። ለምሳሌ ፒ0302 ካለ ችግሩ 2ኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የ2ኛውን ኮይል ከ3ኛው ጋር አቀያይር፣ ኮዱን አስጠፋና እንደገና አስነሳው። አሁን ፒ0303 ካመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው 2ኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን አስፈታው። ሲገጠም የወደቀ ካንዴላ ነጩ ሸክላ ሊሰነጠቅ፣ የጫፉ ክፍተትም ሊጠብ ይችላል። ፎርጂድም ገበያ ላይ ስላለ ቁጥሩን ከመኪናው ማኑዋል ጋር አስተያይ።

አንድ ነገር አደራ፦ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ አትንዳው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ያበላሸዋል፤ እሱ ደግሞ ከኮይል እጅግ ይወደዳል።