ለሚኒሶታ በረዶ የትኛው ጎማ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ከቨርጂኒያ ወደ ሚኒያፖሊስ ስለተዛወርክ ዓመቱን ሙሉ የምትነዳበት ጎማ ይበቃህ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ መኪናህ በአራቱም እግር እንደሚጎትት ጨምረህ። እኔ የምመክርህ የበረዶ ጎማ ነው። በአራት እግር መጎተት ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዳንተው ተማምኜ፣ በሰዓት 20 ማይል እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ እርጥብ ሳሙና ላይ እንደቆመች ሁሉ እየተንሸራተተች መስቀለኛው መሐል ገባች። ደግነቱ መንገዱ ባዶ ነበር።

ጣጣው ደግሞ በረዶው ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ የተራው ጎማ ላስቲክ እየጠጠረ ይሄዳል። የበረዶው ጎማ በብርድም ልስላሴውን አይለቅም፤ ጥርሱም በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ስለሆነ በረዶውን ይነክሳል። ስትቀይር አራቱንም ቀይር። የፊቱን ብቻ ከቀየርክ በኩርባ ላይ የኋላው ይከዳሃል። የራሳቸው ቸርኬ ከገዛህላቸው በየወቅቱ ለጎሚስታ የምትከፍለው ይቀንሳል። ሚያዝያ ላይ አውልቃቸው፣ በሙቀት ቶሎ ያልቃሉ።

ገንዘቡ ካልፈቀደ፣ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት (በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ) የታተመበትን የዓመት ሙሉ ጎማ ፈልግ። “ኤም” እና “ኤስ” (በእንግሊዝኛ “ጭቃና በረዶ” ለማለት) የሚሉት ፊደላት ብቻ ካሉበት ግን አትታለል።