የቼዝ ኢንጂን ፓዝ አልሰራ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰሞኑን "ስቶክፊሽ ፋይሉን አያገኝልኝም" የምትሉኝ በዝታችኋል። ስቶክፊሽ ቼዝ የሚያሰላ ፕሮግራም (ኢንጂን) ነው፣ ፓዝ ደግሞ ፋይሉ ያለበት አድራሻ። ዛሬ ደብረ ብርሃን መብራት አለ፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ሲዚጂውን (ጥቂት ፒስ ሲቀር ውጤቱ አስቀድሞ የተሰላበትን የፋይል ስብስብ) በፍላሽ አምጥቼ ሁለት ፎልደር ላይ ከፍዬ ገለበጥኩት፣ ስቶክፊሽ ውስጥ ሲዚጂፓዝ (የፋይሎቹ አድራሻ የሚገባበት ቦታ) ላይ በኮማ ለይቼ ጻፍኩ፣ ግን ዝም ነው።

መልስ፦ ኮማው ነው ወንድሜ! ዊንዶውስ ላይ በሴሚኮለን (;) ነው የሚለየው፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ በኮለን (:)፣ ዊንዶውስ ኮለኗን ለድራይቭ ስም ስለሚጠቀምባት ነው የተለያዩት። አስተካክለህ ስታስገባው ስንት ፋይል እንዳገኘ ራሱ ይነግርሃል፣ እስከ 5 ፒስ (ንጉሦቹን ጨምሮ ቦርዱ ላይ ያሉት ጠጠሮች) ያለው ሙሉ ከሆነ 145 የደብሊውዲኤል (ማሸነፍ፣ አቻ ወይስ መሸነፍ እንደሆነ የሚነግር) 145 የዲቲዜድ (እስከ ቀጣዩ መብላት ወይም የወታደር እርምጃ ያለውን ርቀት የሚነግር) መሆን አለበት፣ ካነሰ ስትገለብጥ የቀረ ፋይል አለ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ዩዘርፕሮፋይል የሚለውን ቫሪያብል (ለተጠቃሚው ፎልደር አድራሻ የቆመ አጭር ስም) በ% ከብቤ ፓዙ ውስጥ ጻፍኩት፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይሰራል ስቶክፊሽ ግን እምቢ አለ።

መልስ፦ እህቴ % ያለውን ወደ ሙሉ ፓዝ የሚቀይርልሽ ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ጥቁሩ መስኮት) ነው፣ ስቶክፊሽ የሰጠሽውን እንዳለ ነው የሚያነበው። ሊኑክስ ላይ $ ብትጽፊለትም ያው ነው። ሙሉውን ጻፊው፣ መሀል ላይ ስፔስ ቢኖርም ጥቅስ ውስጥ አትክተቺው ጥቅሱንም የፓዙ አካል አድርጎ ነው የሚወስደው። የፎልደሩ ስም በአማርኛ ከሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል አጠር አርገሽ ቀይሪው፣ ብዙ ኢንጂን በሱ ይቸገራል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ጋሼ የስቶክፊሽን ፎልደር በሴትኤክስ (setx የሚባለው ትእዛዝ) ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር በሆነው ፓዝ (PATH) ላይ ጨመርኩት፣ አሁንም "አላውቀውም" ይላል።

መልስ፦ መስኮቱን ዝጋና አዲስ ክፈት፣ ሴትኤክስ የተከፈተውን መስኮት አይነካም። ግን እባክህ ፓዝን በሴትኤክስ አትንካ! ከ1024 ፊደል በላይ ያለውን ይቆርጠዋል፣ እኔ አንዴ እንደዛ አርጌ ሌሎች ፕሮግራሞቼ ሁሉ አልነሳ ብለውኝ ሁለት ቀን ስለቅም ከረምኩ። በኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ መስኮት ገብተህ ጨምር፣ የድሮውንም መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የ6 ፒሱንስ ላውርድ?

መልስ፦ አይ ተወው፣ 150 ጊጋ አካባቢ ነው፣ በዛ ላይ ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ ካለ ኢንጂኑን ያዘገየዋል። እስከ 5 ያለው 1 ጊጋ ቢሆን ነው፣ ለኛ ጨዋታ ይበቃል። ለሱም ቢሆን ዳታ አትጨርስ፣ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ፍላሽ ያዝ፣ እገለብጥልሃለሁ።