የዲስክ ወረፋ፦ እኩል ማካፈል በምን ሲለካ ነው?

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ሰርቨሬ ላይ ባክአፕ በጀመረ ቁጥር ዳታቤዙ ይንቀራፈፋል። ሲፒዩው ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። የባክአፑን ቅድሚያ በናይስ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ፣ 19፣ አውርጄዋለሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዲስኩን ለሁሉም እኩል ያካፍላል ሲባል አልነበረም?

መልስ፦ ናይስ የሚያዘው በሲፒዩ ተራ ላይ ነው። የዲስኩን ተራ የሚሰጠው ሌላ ክፍል፣ የዲስክ ሼጁለር የሚባለው ነው። አንዳንዱ ሼጁለር የናይስን ቁጥር ተመልክቶ የዲስክ ቅድሚያም ይገምትበታል፤ ብዙ ጊዜ ተመርጦ የሚገኘው ኤምኪው-ዴድላይን ግን ጉዳዬም አይለው።

«እኩል» የሚለውን ቃል እንየው፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነውና። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ስር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ክንዱ ከቦታ ቦታ ለመሄድ 8.5 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። ድምሩ 12.7 ነው፤ እዚህም እዚያም ተበታትነው የተቀመጡ ነገሮችን ቢበዛ በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል ያነባል ማለት ነው። ዳታቤዝዎ በ4 ኪሎባይት ቁራጭ የሚያነብ ከሆነ ዲስኩን ብቻውን ቢይዘው እንኳ በሰከንድ 320 ኪሎባይት ገደማ ነው የሚያገኘው። ባክአፑ ደግሞ በተከታታይ ስለሚያነብ ያው ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ይሰጠዋል።

አሁን ለሁለቱ እናካፍል። በጥያቄ ብዛት፣ አንድ ለአንድ ተራ ብንሰጥ፣ የባክአፑ ጥያቄ 1 ሜጋባይት ቢሆን፣ አንዱ ዙር (ሁለት የክንድ ጉዞ ከነዙር ጥበቃው፣ እንዲሁም የ1 ሜጋባይት ንባብ) 32 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዳታቤዙ ከ80 ወደ 31 ንባብ ይወርዳል፤ ባክአፑም ከ150 ወደ 31 ሜጋባይት። በባይት እኩል ብናደርግ የባሰ ነው፤ ዳታቤዙ 1 ሜጋባይት ለመሙላት 256 ጊዜ መጠየቅ ስላለበት 3.2 ሰከንድ ይወስዳል፤ ባክአፑም እሱን እየጠበቀ በሰከንድ 0.3 ሜጋባይት ይቀራል። እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ተጎድተው። በጊዜ ብናካፍል ግን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ ዳታቤዙ 40 ንባብ፣ ባክአፑ 75 ሜጋባይት ያገኛሉ። ሁለቱም የየራሳቸውን ግማሽ አገኙ፤ እኛም ፍትሐዊ የምንለው ይህንን ነው። ሲኤፍኪው የሚባለው የቀድሞው የሊኑክስ ዲስክ ሼጁለር ይሠራበት የነበረው መንገድም ይኸው ነው። ተተኪው ቢኤፍኪው ድርሻ የሚሰጠው በሴክተር (በዲስኩ ትንንሽ ክፋዮች) ብዛት ቢሆንም፣ ተበታትኖ እያነበበ ዲስኩን ብዙ ጊዜ የሚይዘውን ፕሮግራም በወሰደው ጊዜ ልክ ያስከፍለዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዳታቤዙ የመጀመሪያው ንባብ እስኪመለስለት ድረስ ሁለተኛውን አይጠይቅም። በዚያች ቅጽበት ወረፋው ባዶ ይመስላል። ሼጁለሩ «ሥራ ከሌለህ» ብሎ ወዲያው ወደ ባክአፑ ከዞረ ዳታቤዙ ገና ሳይጨርስ ተራው ያልፈዋል። ቢኤፍኪው ለዚህ ሲል ዲስኩን ሆን ብሎ ሥራ ያስፈታዋል፤ ስላይስ አይድል በሚባለው ቅንብር መሠረት እስከ 8 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ይህን ቅንብር 0 ያደረገ ሰው አጠቃላይ ፍጥነት ሊያተርፍ ይችላል፤ የፍትሐዊነቱን ዋስትና ግን ያጣል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ብሎክ የሚለውን ይክፈቱ፤ በዲስኩ ስም ስር ኪው፣ በእሱም ውስጥ ሼጁለር የተባለ ፋይል አለ። ሲያነቡት በማዕዘን ቅንፍ የታቀፈው ስም አሁን የሚሠራው ነው። ቢኤፍኪው ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ስሙን በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ፋይሉ ላይ ይጻፉት፤ ያኔውኑ ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግን ስለሚጠፋ በዩዴቭ (ዲስኮች ሲታወቁ ቅንብራቸውን በሚሰጠው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ ያጽኑት። ቀጥሎ ባክአፑን የዲስክ ቅድሚያን በሚወስነው በአዮናይስ ትእዛዝ፣ በክፍል 2፣ ደረጃ 7 ያስነሡት። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው፤ 7 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ክፍል 3 የሚባለውም አለ፤ ሌላ ጠያቂ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ዲስኩ ፋታ የሌለው ከሆነ ባክአፑ ሳያልቅ ሊነጋ ስለሚችል እኛ አንመርጠውም።

ሲኤፍኪውን ተጠቀሙ የሚል የቆየ መመሪያ ካገኙ ይለፉት፤ በ2019 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.0 ጀምሮ የለም።

ጥያቄ፦ ቢኤፍኪውንም አዮናይስንም ተጠቅሜያለሁ። ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ግን ማሽኑ አሁንም ለብዙ ሰከንድ ድርቅ ይላል። ለምን?

መልስ፦ የሚጽፈው የእርስዎ ፕሮግራም ስላልሆነ። ፕሮግራሙ መረጃውን ሜሞሪ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ኋላ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው የከርነሉ የራሱ ሠራተኛ ነው። ለፕሮግራሙ የሰጡት ዝቅተኛ ቅድሚያ ለዚህ ሠራተኛ አይተላለፍም። መጠኑም ቀላል አይደለም፤ ዴርቲ ሬሾ የሚባለው ገደብ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ነው። 16 ጊጋባይት ነፃ ሜሞሪ ካለ እስከ 3.2 ጊጋባይት ይጠራቀማል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ለሚጽፍ ዲስክ የ32 ሰከንድ ሥራ ነው።

ዴርቲ ባክግራውንድ ባይትስን (ሠራተኛው ማውረድ የሚጀምርበትን ገደብ) 64 ሜጋባይት፣ ዴርቲ ባይትስን (የመጨረሻውን ጣሪያ) 256 ሜጋባይት ያድርጉ፤ ሁለቱም የሚጻፉት በባይት ነው። ባይቱን ሲሞሉ በመቶኛ የተሰጠው ገደብ ራሱ ወደ 0 ይመለሳል፤ አይደንግጡ። ከዚህ የተሻለው መንገድ ሲግሩፕ 2፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በቡድን አድርጎ ድርሻቸውን የሚወስነው የከርነሉ ዘዴ ነው፤ የሜሞሪውና የዲስኩ ተቆጣጣሪ አብረው ከተከፈቱ ከርነሉ የተጠራቀመውን ጽሑፍ የማን እንደሆነ ለይቶ በባለቤቱ ሒሳብ ይጽፈዋል። ኢኤክስቲ 4፣ ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ የተባሉት ፋይል ሲስተሞች ይህን ይደግፋሉ። ከሁለቱ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ብቻ ከተከፈተ ይህ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላም መቆለፊያ አለ። ኢኤክስቲ 4 የሁሉንም ለውጥ በአንድ ጆርናል (የለውጥ መዝገብ) ነው የሚመዘግበው። ዳታቤዙ ኤፍሲንክን፣ ማለትም «ጽሑፌ ዲስኩ ላይ መውረዱን አረጋግጥልኝ» የሚለውን ጥሪ ሲጠራ፣ ያው የጆርናል ጥቅል የሌላውን ፕሮግራም ጽሑፍ ከያዘ እሱ እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ባለ ከፍተኛ ቅድሚያው በባለ ዝቅተኛው ይታገታል። ለዳታቤዙ የተለየ ፋይል ሲስተም መስጠት ከጆርናሉ እገታ ያወጣዋል፤ ዲስኩ አንድ ከሆነ ግን ወረፋው ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዲስኬ ኤንቪኤምኢ (በጣም ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ነው። ለእሱም ቢኤፍኪው ልጫን?

መልስ፦ ለሰርቨር አንመክርም። በሰከንድ መቶ ሺዎች ጥያቄ ለሚያስተናግድ ዲስክ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ማሰላሰል ራሱ ሲፒዩ ይበላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት «ምንም ሼጁለር የለም» የሚለውን ምርጫ ነው፤ በዚያ ላይ አዮናይስ ከንቱ ድካም ነው። ጎረቤቱን የሚያስቸግር ፕሮግራም ካለ በሲግሩፕ የአይኦ ማክስ ጣሪያ ይገድቡት፤ ለምሳሌ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ጽሑፍ። ጣሪያው የሚሰጠው በሙሉው ዲስክ መለያ ቁጥር ነው፤ የፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) ቁጥር ካስገቡ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ለውጡ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የዲስክ እንቅስቃሴን የሚለካውን አዮስታትን በዝርዝር አማራጩ በየ1 ሰከንዱ ያስኪዱና የንባብና የጽሑፍ አማካይ ቆይታን ይመልከቱ። ዩቲል የሚለውን መቶኛ ለኤስኤስዲ አይመኑት፤ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በሥራ ላይ የነበረበትን ጊዜ ብቻ ስለሚቆጥር 100 ቢልም ዲስኩ ገና ብዙ አቅም ሊኖረው ይችላል። ባክአፑ ከመጀመሩ በፊትና እየሠራ ሳለ የዳታቤዙን ዲስክ የንባብ ቆይታ ያነጻጽሩ፤ በሃርድ ዲስክ ላይ ከ13 ሚሊሰከንድ ወደ 25 ቢወጣ የሚጠበቅ ነው፣ ድርሻው ግማሽ ሆኗልና። ከ200 በላይ ካለፈ ግን ቅንብሩ አልያዘም፤ ወደ ሼጁለሩ ፋይል ተመልሰው በቅንፍ ያለው ስም የትኛው እንደሆነ ይዩ።