ለ4 ወሩ ግሬት ዴን፦ ካልሲየሙን አቁም፣ ጎድኑን ዳብስ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ትልልቅ ውሻ የሚያሳድግ ሁሉ የሚቸገርበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እንዳልከው ውሻህ የ4 ወር ወንድ ግሬት ዴን ነው። ጠዋት ደረቅ ምግብ፣ ማታ ሩዝ በሥጋ ትሰጠዋለህ። ከጎረቤትህ ቡችላ ቀጠነብኝ ብለህ ስትናገር የመድኃኒት ቤቱ ሰው ካልሲየም ሽሮፕ ሸጠልህ፤ አሁን ደግሞ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ መዞር ጀምረዋል። ምን ልጨምርለት ነው ጥያቄህ።

የሚጨመር የለም፤ የሚቀነስ ነው ያለው። ሽሮፑን ከዛሬ ጀምረህ ተወው። እኔ ግሬት ዴንም ቦርቦልም አሳድጌያለሁ፤ የሌሎች ሰዎችንም ቡችላዎች በቅርብ አይቻለሁ። እነዚህን ግዙፍ ዘሮች በልጅነታቸው ከማጣት ይልቅ የሚጎዳቸው መትረፍረፉ ነው።

ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ የነበረ ቡችላ ዓመት ሲሞላው 50 ኪሎ ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ላይ ምግብ ስታበዛበት ክብደቱ ይቀድምና አጥንቱ ይቀራል፤ ገና ያልጠና ለጋ አጥንት ከባድ ሰውነት ይሸከማል። መጉበጡም ማነከሱም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግሬት ዴን ቡችላዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እስኪጠግቡ፣ ግማሾቹን በልክ አብልቶ አሳደገ። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር የበዛባቸው እስኪጠግቡ የበሉት ናቸው። በልክ የሚበላው ደግሞ አጭር ሆኖ አይቀርም። ቁመቱ በዘሩ የተወሰነ ነው፤ ትንሽ ዘግይቶ እዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ከጎረቤትህ ቡችላ ጋር አታወዳድረው፤ ምናልባት መቀነስ ያለበት የሱ ይሆናል።

ካልሲየሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ትልቅ ውሻ ትልቅ አጥንት፣ ትልቅ አጥንት ብዙ ካልሲየም» ብሎ ያስባል። ኔዘርላንድስ ዩትሬክት ውስጥ እንዲሁ በግሬት ዴን ቡችላዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች የታየው ተቃራኒው ነው። ያደገ ውሻ ትርፍ ካልሲየም ሲመጣበት አንጀቱ አልቀበልም ብሎ ያስወጣዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ ግን ይህ መቆጣጠሪያው ገና አልዳበረም፤ በሰጠኸው መጠን ይወስዳል። ትርፉ አጥንቱ በትክክል እንዳይበስል ያደርግና እግሩ ይጣመማል። እግረ መንገዴን፣ «ፕሮቲን ነው አጥንት የሚያጎብጠው» የሚል ወሬ ከሰማህ አትቀበለው፤ እዚያው ዩትሬክት ተፈትኖ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። ጉዳዩ የካሎሪና የካልሲየም ነው።

በቁጥር እንየው። የአንተን የሚያህል ቡችላ ደረቅ ምግብ ብቻ ቢበላ በቀን 500 ግራም ገደማ ይበላል እንበል። ከረጢቱ ላይ ካልሲየም 1.2 በመቶ ከተባለ በቀን 6 ግራም አገኘ ማለት ነው። ለሱ ዕድሜና ለሚበላው ካሎሪ ከ5 ግራም ተኩል እስከ 8 ግራም ገደማ ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ ምንም ሳትጨምር ልኩ ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። በዚያ ላይ አንዱን ስትጨምር ጠርዙ ላይ ትደርሳለህ፤ ሁለት ማንኪያ ወይም ሽሮፕ ከጨመርክ አለፍክ።

ሩዝ በሥጋው ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ (ከካልሲየም ጋር ተመጣጥኖ መገኘት ያለበት ማዕድን) ከካልሲየም ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ሩዝም ካልሲየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥጋ ብቻ፣ ወይም ሥጋና ሩዝ ብቻ እየበላ የሚያድግ ቡችላ ደሙ ውስጥ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይስባል፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሲብስም ያለ ምንም አደጋ ይሰበራል። የአንተ ውሻ ጠዋት ልኩን፣ ማታ የጎደለውን፣ በላዩ ላይ በግምት የተቀዳ ሽሮፕ ስለሚያገኝ ተበላሽቶ ያለው ወደየትኛው ወገን እንደሆነ ከዚህ ሆኖ መናገር የሚችል የለም። መውጫው አንድ ነው፦ ዋናው ምግቡ ለትልልቅ ዘር ቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይሁን፤ ከቤት የሚሰጠው ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ አይለፍ።

ከረጢቱን ስትገዛ የውሻውን ፎቶ ሳይሆን ጀርባውን እይ። በአሜሪካ ደንብ የሚመረት ከሆነ ሲያድጉ 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ለሚሆኑ ውሾች ዕድገት ጭምር እንደሚሆን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አለው፤ እንዲህ የተጻፈበት ምግብ እርጥበቱ ሳይቆጠር ካልሲየሙ ከ1.8 በመቶ አይበልጥም። በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል የሚሸጥልህ ከሆነ ባለሱቁን ዋናውን ከረጢት አሳየኝ በለውና ጀርባውን ፎቶ አንሣ። ዋጋው እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ገንዘብህ ለሁልጊዜ የማይበቃ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ላይ አውለው። አጥንቱ አድጎ ካበቃ በኋላ ከቤት ምግብ ጋር ብታደባልቅ የሚመጣው ጉዳት ከዚህ ዕድሜው ጋር አይወዳደርም። ስትቀይር ግን በአንድ ቀን አይሁን፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ እየቀላቀልክ፣ አለዚያ ተቅማጥ ይዞህ ይመጣል።

መጠኑን ደግሞ ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ይሁንህ እንጂ ዳኛው እጅህ ነው። የአንድ እጅህን ጀርባ በሌላው እጅህ ጣቶች ዳብሰው፤ አጥንቱ በስስ ቆዳ ሥር ይሰማሃል። የቡችላህም ጎድን እንደዚያ ይሰማህ። ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለገህ ወፍሯል፤ ከሩቅ ጎድን በጎድን ሆኖ ከታየህ ከስቷል። ከላይ ስታየው ወገቡ ገባ ማለት አለበት። በየሳምንቱ ዳብሰው፣ በሱ ልክ ጨምር ወይም ቀንስ። ሰው «ይኼን ውሻ አታበሉትም እንዴ?» ሲልህ ስቀህ እለፈው፤ እኔ ስንቴ ተብያለሁ። ክብደቱንም እወቅ፤ የትል መድኃኒትም ማደንዘዣም የሚሰላው በኪሎ ነው። አሁን ታቅፈኸው የሰው ሚዛን ላይ ወጥተህ የራስህን ትቀንሳለህ። አንሥተህ መሸከም ሲያቅትህ ሰፈርህ ያለው ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን አለው፤ ባለቤቱን አስፈቅደህ፣ በንጹሕ ጆንያ ላይ። የኔ ውሾች እዚያ ደንበኛ ነበሩ።

አሁን በቀን 3 ጊዜ አብላው፤ 6 ወር ሲሞላው ወደ 2 ጊዜ አውርደውና ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ይቆይ። አገራችን የተለመደው ማታ አንዴ ጥርግ አድርጎ ማብላት ለዚህ ዘር አደገኛ ነው። ምክንያቱ የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ደረተ ጥልቅ ውሾች ላይ ጨጓራው በአየር ይነፋና በራሱ ላይ ይዞራል፤ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ ደም መመላለሱን ያቆማል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ግሬት ዴን ከሁሉም ዘር ፊት የሚጠቀስ ነው።

የኔ ግሬት ዴን ላይ ሲደርስ እንዲህ ነበር። ማታ ከበላ በኋላ አንድ ቦታ አልረጋ አለ፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል። አንገቱን ዘርግቶ ሊያስመልስ ያምጣል፤ የሚወጣው ነጭ አረፋና ልጋግ ብቻ ነው። ከጎድኑ ኋላ በግራ በኩል ስነካው ተወጥሯል፤ ድዱ ከሮዝ ወደ አመድማ ሄዷል። ሌላ የሆድ ሕመም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን ያወጣው ነበር። ማማጥ እያለ ከአረፋና ከልጋግ በቀር የሚወጣ ነገር ከሌለ ውሃም፣ ሻይም፣ ዘይትም አትስጥ፣ «እስከ ጠዋት እንየው» አትበል፤ መኪና ፈልግ። የኛ የተረፈው ሌሊት ስልክ የሚያነሣና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ቁጥር ቀድሞ ስለነበረን ነው። አንተም ይህን ቁጥር የዚህ ሳምንት ሥራህ አድርገው። ስትደውል «ለአጠቃላይ ሕክምና» ሳይሆን «የተጠማዘዘ ጨጓራ በሌሊት ትከፍታለህ ወይ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው፤ ብዙዎቹ አይሠሩም።

ለመከላከሉ፦ ችኩል በላተኛ ከሆነ ሊውጠው የማይችል ትልቅ ንጹሕ ድንጋይ ሳህኑ መካከል አኑር፤ ዙሪያውን እየለቀመ ይበላል። ከምግብ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት አታሯሩጠው። ሳህኑን ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጥ የሚልህ ብዙ ነው፤ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በዚህ በሽታ ላይ የሠራው ትልቅ ጥናት ግን ከፍ ያለ ሳህን አደጋውን ከሚጨምሩት ጋር ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ መሬት ላይ ይሁን። ሌላው፣ ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር ሰፍቶ የሚያቆይ ቀዶ ሕክምና አለ፤ መነፋቱን ባይከለክልም መጠምዘዙን ይከላከላል። ማኮላሸት የምታስብ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ማደንዘዣ ማሠራት ይቻላል፤ ግን ዕድገቱ ሳያልቅ አትቸኩል፣ ቢያንስ ዓመት ተኩል ይሙላው። ቀድመው የተኮላሹ ትልልቅ ውሾች ላይ የመገጣጠሚያ ችግር በዝቶ ታይቷል።

ከቤታችን ማዕድ አታካፍለው። ሽሮውም ወጡም በሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ተቀቅለውም ቢሆን። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። የበዓል ማግሥት ደግሞ ክሊኒኮች የሚጣበቡት በከንቱ አይደለም፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል፣ ቅቤ የበዛበት ትራፊ ቆሽቱን ያስቆጣል። ቤተሰቡን በተለይ ልጆቹንና ሠራተኛዋን ቀድመህ አስረዳ፤ በፍቅር ነው የሚያጎርሱት።

ከሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ የሚሰጠውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጥ። በአገራችን ከብትና በግ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት በብዛት ይገኛል፤ ውሻው ያንን ሲበላ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይይዘዋል፣ ከሱ ዓይነ ምድር ደግሞ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፍና ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ቋጠሮ ያወጣል። እብጠት ያለበትን ጣለው፣ ሌላውን በደንብ ቀቅለው፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ይውሰድ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ በሥጋ ብቻ የለመደ ውሻ ይቸገራል፤ ሙስሊም ሥጋ ቤቶች አሉ፣ እንቁላልም ይረዳል። ዋናው ምግቡ ደረቅ ከሆነ ግን ጾሙ ገባ ወጣ አንተን አያሳስብህም።

ወደ እግሩ ልመለስ። ቤትህ ሴራሚክ ከሆነ የሚመላለስበት ላይ ምንጣፍ ዘርጋ፤ እየተንሸራተተ የሚያድግ ቡችላ እግሩን ከፍቶ መቆም ይለምዳል። ጥፍሩን ቁረጥ። ደረጃ አታስወጣው፣ ከመኪና አታስዘልለው፣ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ለሩጫ ይዘኸው አትውጣ፤ ግቢ ውስጥ እንደፈለገ ይጫወት፣ ሲደክመው ይተኛ። በሰንሰለትም አይዋል። መኝታው ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ክርኑ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ አሮጌ ፍራሽ ወይም በጆንያ የተሞላ ጭድ ይበቃዋል።

ክትባቱን እንዳልጨረስክ ገምቻለሁ። ቡችላ የሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት፣ እስከ 4 ወሩ መጠናቀቅ ነበረበት፤ የእብድ ውሻ ክትባት ከ3 ወሩ ጀምሮ ነው፣ ከዚያም በየዓመቱ። ካላለቀ ነገውኑ ውሰደው፤ በዚያውም እግሩን አሳየው። አንዱን እግር ብቻ የሚያነክስ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ከእጅ አንጓው በላይ አብጦ ሲነካ የሚጮህ ከሆነ ራጅ ይፈልጋል። የምታውቀው ክሊኒክ ራጅ ከሌለው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ደውለህ ጠይቅ። ሁለቱም እግሮች እኩል ዞረው፣ ውሻው ሳያነክስ የሚጫወት ከሆነ ግን ምግቡ ሲስተካከል በሳምንታት ውስጥ ሲቃናላቸው አይቻለሁ።

እስከዚያው የከረጢቱን ጀርባና የሽሮፑን ጠርሙስ ፎቶ ላክልኝ። እግሩንም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁመህ ከፊት ለፊት፣ ስልኩን በደረቱ ቁመት ይዘህ አንሣው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ ደህናውንም እግር ጎባጣ ያስመስላል። ክብደቱን ስትጽፍልኝ የቀኑን መጠን በግራም አብረን እናሰላለን።